«መጀመሪያ አውርደው!»

ከዳባት ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት መንደር ሰርግ ተጠርተን ነበር። ኒካሑ በጠዋት ታስሯል፤ እንግዳው በዳሱ ውስጥ ቦታ ቦታውን ይዟል፤ ምግቡ ሊቀርብ ትንሽ ቀርቶታል። ድንገት ከዳሱ ጀርባ የንብ መንጋ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ከጎንደር የመጣው ቪዲዮ አንሺ ድሮኑን አስነስቶ ኖሯል። እኛ ከከተማ የመጣነው ቀና ብለን ፈገግ አልን፤ ከመካከላችን ለካሜራው እጁን ያወዛወዘም ነበር። በሴቶቹ በኩል የሆነው ግን ሌላ ነው። አንዲት እናት የያዙትን ሳህን ጥለው፣ አጠገባቸው የነበረውን ሕፃን አንስተው ወደ ቤት ሮጡ። እርሳቸውን ያዩ ተከተሏቸው። በአፍታ ውስጥ የዳሱ ግማሽ ባዶ ሆነ።

ወዲያው ከአጥር ማዶ አንድ ጎልማሳ ሰው ዱላውን እንደያዘ መጣ። የሰርጉ ቤት ጎረቤት ነው።

«ማነህ አንተ? ማን ልኮህ ነው?» አለው ቪዲዮ አንሺውን።

ልጁ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ፣ «ሥራ ላይ ነኝ፤ ምን አገባህ?» ሲል መለሰ።

ይህች ቃል በደረቅ ሣር ላይ እንደ ተጣለ ክብሪት ሆነች። የሰውየው ፊት ተለወጠ፤ ሌሎችም ከየቤታቸው ወጡ፤ አንዱ ድንጋይ አነሳ። ድሮኑ አሁንም ከላይ ይጮኻል። ኒካሑን ያሰሩት ሼኽ ከዳሱ ወጥተው በሁለቱ መካከል ገቡ። የተናገሩት ሦስት ቃል ብቻ ነው። «ልጄ፣ መጀመሪያ አውርደው።»

ውድ አንባቢዎቻችን፣ የሰርጉን መጨረሻ ወደ በኋላ እናቆየውና ስለዚህ ስለሚበር ካሜራ እንነጋገር። ዛሬ ብዙ ወጣቶቻችን ድሮን ማብረር የሚመኙበት ጊዜ ነው። ከጅዳና ከዱባይ የሚመጣ አጎት ለእህቱ ልጅ ይዞለት ሊመጣ ያስባል፤ ሰርግ የሚያነሱ ወንድሞቻችን እንጀራቸውን ያሰፉበታል፤ ደባርቅ ተወልዶ ያደገ ልጅ ደግሞ ከቤቱ ደጃፍ የሚታየውን የስሜን ተራራ ከላይ ማየት ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን አብራሪው ስለ ክንፉና ስለ ባትሪው የሚያውቀውን ያህል፣ መሬት ላይ ቆሞ ቀና ብሎ ስለሚያየው ሰው ያውቃል ወይ? የበረራ ደንቡንስ ያውቃል ወይ? ጥያቄያችን ይህ ነው።

ለምን ሮጡ?

ከተሜው ድሮን ሲል የሰርግ ፊልም ይታየዋል። በደባርቅና በዳባት ገጠር ቃሉ የመጣው በጦርነት በኩል ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት ድሮን የጦር መሣሪያ ሆኖ ሲያገለግል፣ የገጠሩ ሰው ስሙን ከቦምብ ጋር አያይዞ ነው የሰማው። በዳባት ወረዳ በጭና ደግሞ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻና በተከታዮቹ ቀናት ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። እዚያ ግድያው የተፈጸመው በድሮን አይደለም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የማያውቁት ሰው ከመንደር ዳር ቆሞ ሲያዩ «ማነው? ከየት መጣ? ምን ይፈልጋል?» ብሎ መጠየቅ ለአካባቢው ሕዝብ የሕይወት ጉዳይ ሆኗል።

ከዚያም በኋላ ነገሩ አልበረደም። በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ነሐሴ 7 ቀን፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ የድሮን ጥቃት ነው በተባለ ፍንዳታ ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የዜና ወኪሎች ዘገቡ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በተከታዩ ዓመት መጸው በክልሉ ሰላማዊ ሰዎች በድሮን ጥቃት መሞታቸውን በመግለጫው ጠቅሷል። እንግዲህ ሳህናቸውን ጥለው የሮጡት እናት ሰርጉ ላይ ቪዲዮ አንሺ እንዳለ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ድምፁን ሰሙ፤ እግራቸው ከሐሳባቸው ቀደመ።

ቪዲዮ አንሺው ይህን ሁሉ ማሰብ ነበረበት? አዎን፣ ነበረበት። 250 ግራም የማይሞላው ፕላስቲክና ቦምብ የሚጥለው አውሮፕላን የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት እንዳላቸው አብራሪው ያውቃል። ከበታች ያለው ሰው ግን የሚሰማው ድምፅ እንጂ ክብደት አይደለም።

ወረቀቱ ከድሮኑ ይቅደም

ወደ ሕጉ እንምጣ። በአገራችን ድሮን እንደ ኳስ ከሱቅ ገዝተው ሜዳ ላይ የሚጫወቱበት ዕቃ አይደለም። ከውጭ ለማስገባት ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ በተለምዶ ኢንሳ ከምንለው መሥሪያ ቤት፣ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ፈቃድ ሳይኖረው በሻንጣ የመጣ ድሮን ቦሌ ላይ በጉምሩክ ይያዛል። ለጉብኝት የመጣ እንግዳ ከሆነ ሲመለስ እንዲወስደው ሊቆይለት ይችላል፤ የአገር ልጅ ግን «ለልጁ ስጦታ ነው» ስላለ አይለቀቅለትም። ትንሽ ናት፣ መጫወቻ ናት ማለትም አይጠቅምም። በባሕር ማዶ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ይህን ልብ በሉልን፤ በላብ የተገኘ ገንዘብ አውጥታችሁ የገዛችሁት ስጦታ ከመደርደሪያ ላይ ቀርቶ፣ ልጁ በዒድ ዋዜማ ባዶ እጃችሁን ሲያይ ያሳዝናል።

ማስገባት አንድ ነገር ነው፤ ማብረር ሌላ። ሰማዩ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሚያስተዳድረው ነው። ይህ የእኛ አገር ጭንቀት ብቻ አይደለም። አገራችን አባል የሆነችበት የቺካጎ የአቪዬሽን ስምምነት በ1944 እ.ኤ.አ. ሲፈረም፣ ዛሬ የምናውቀው ድሮን ገና በሰው ሐሳብ ባልነበረበት ዘመን፣ በ8ኛ አንቀጹ አብራሪ የሌለው አውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ በአንድ አገር ላይ እንዳይበር ደንግጓል።

ከደባርቅ ወጥቶ ወደ ሳንቃ በር ለሚያመራ ደግሞ ሦስተኛ በር አለ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ከተማ ውስጥ ነው፤ ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሮ የቆየ ነው። እዚያ ድሮን ለማንሳት የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያሻል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ሌሊቱን የሚያድረው በገደሉ ፊት ላይ ነው፤ ያልለመደው ነገር በላዩ ሲያንዣብብ ከእነ ግልገሉ ይደናገጣል። አጥንትን ከከፍታ ጥሎ የሚሰብረው ትልቁ አሞራም ጎጆው በገደል ነው፤ ክንፉ ሲዘረጋ 2.5 ሜትር የሚያልፍ ወፍ ድሮንን እንደ ባላጋራ ቆጥሮ ቢመታ፣ ድሮኑም ወፉም ይጎዳሉ። በፓርኩ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ሰው ጠመንጃ የያዘው ስካውት ነው፤ እርሱን እንደ እንቅፋት የሚያይ ጎብኚ መንገዱን ስቷል።

ስለ ፓርኩ ከተነሣ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በተራራው ላይ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ገደማ 418 አባወራዎች መንደራቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ዛሬ ከደባርቅ ሠፈር ተነሥቶ ቀና ሲል የአባቱን መቃብር ያለበትን ተራራ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። ለጎብኚ ውብ የሆነው ሜዳ ለእርሱ ቤቱ የነበረበት ቦታ ነው። በዚያ ላይ የሚበር ካሜራ ምን እያነሳ እንደሆነ ቢጠይቅ ምኑ ላይ ነው ድፍረቱ?

በዳባት በኩልም እንዲሁ ጥንቃቄ የሚያሻው ቦታ አለ። አለም ዋጭ የሚባለው የኤርትራ ስደተኞች መጠለያ በዚያ ወረዳ ነው። የሚሸሹት ኖሯቸው የተሰደዱ ሰዎችን ፊት ከላይ ማንሳት፣ ሳያስቡት ለአደጋ ማጋለጥ ሊሆን ይችላል።

እዚህና እዚያ

በውጭ የሚኖሩ ልጆቻችን «እኛ አገር እንዲህ አይደለም» ሲሉ እንሰማለን። በከፊል ልክ ናቸው፣ በከፊል ግን የራሳቸውን አገር ደንብ አላነበቡም። በአሜሪካ ለመዝናኛ የሚያበር ሁሉ ትረስት የሚባለውን ነፃ ፈተና ማለፍ አለበት፤ 250 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝን ድሮን ይመዘገባል፤ ማስረጃውን ፖሊስ ሲጠይቅ ማሳየት ግዴታ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ በ15 ማይል ወይም በ24 ኪሎ ሜትር ገደማ ክብ ውስጥ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ ለመዝናኛ ድሮን ማብረር ክልክል ነው። የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸው ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ በዚህ ክብ ውስጥ ናቸው። የዒድ ሶላትን በፓርክ ሰግዶ ጀመዓውን ከላይ ላንሳ የሚል ወጣት ሳያውቅ ሕግ ይጥሳል ማለት ነው።

በሳዑዲ ዓረቢያም ሚያዝያ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. በሪያድ፣ በኹዛማ ሠፈር፣ አንዲት መጫወቻ ድሮን በጸጥታ ኃይሎች ተተኩሶባት ወድቃለች። የተኩሱ ድምፅ በተንቀሳቃሽ ስልክ ተቀርጾ ሲሰራጭ ዓለም ሁሉ ሌላ ነገር ጠርጥሮ ነበር። ከዚያ በኋላ አብራሪዎች ፈቃድ እንዲያወጡ መንግሥት አሳሰበ። በዚያ አገር ለሥራ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ለሐጅና ለዑምራም የምትሄዱ፣ ድሮን ከሻንጣችሁ ይራቅ።

ልዩነቱ ወዲህ ነው። በአሜሪካ ፖሊስ የመጠየቅ ሥልጣን አለው፤ መንገደኛ ግን የለውም። ስለዚህ በዚያ የሚኖሩ አብራሪዎች መንገደኛ ሲጠይቃቸው እንዴት በጨዋነት እንደሚያሰናብቱት ይመካከራሉ፤ ጠያቂው ሥራ የሚያስፈታ ሰው ሆኖ ነው የሚታያቸው። ይህን ልማድ ወደ ዳባት ይዞ መምጣት አይቻልም። እዚህ ጠያቂው መንገደኛ አይደለም። የመሬቱ ባለቤት፣ የቤቱ አባወራ፣ የሕፃኑ አባት ነው። ወረቀት ባይኖረውም ምክንያት አለው።

የዓይን ፈቃድ

በእኛ ዘንድ ደግሞ ጉዳዩ ከመንግሥት ሕግም ይቀድማል። ሱረቱ ኑር በ27ኛው አንቀጽ ወደ ሰው ቤት ከመግባት በፊት ፈቃድ መጠየቅን ታዝዛለች፤ ሱረቱል ሑጁራት በ12ኛው የሰውን ነውር መሰለልን ትከለክላለች። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በበር ቀዳዳ ያጮለቀን ሰው የገሠጹበት ሐዲስም የታወቀ ነው፤ ዑለሞች ከእርሱ የሚያወጡት ትምህርት ፈቃድ የተደነገገው እግርን ብቻ ሳይሆን ዓይንን ለመመለስ ነው የሚል ነው። የበር ቀዳዳ እንዲህ ካስገሠጸ፣ አጥርን ተሻግሮ ጓሮ የሚያይ ካሜራ እንዴት ይሆን? በገጠራችን ቤት ጣሪያ አለው፣ አጥር አለው፤ ለሰማይ ግን ክፍት ነው። ሴቶቻችን በጓሯቸው ያለ ሒጃብ ልብስ የሚያጥቡት፣ ጸጉራቸውን የሚሠሩት፣ ከላይ የሚያያቸው ከአላህ በቀር ማንም የለም ብለው ነው።

(እግረ መንገዳችንን እናንሳውና፣ በሰርግ ላይ በሴቶች ክፍል ስልክ ይዞ የመግባት ነገር ገና አልተፈታም። ድሮኑ ሲጨመርበት ምን ሊሆን ነው?)

እንግዲህ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ምን ይደረግ? ሼኹ የተናገሩት ሦስት ቃል ዋናውን ይዞታል። እየበረረ ያለን ድሮን ይዞ መከራከር ሁለት ጥፋት አለው። አንደኛ፣ ዓይን ወደ ሰውየው ሲዞር ድሮኑ ያለ ጠባቂ ይቀራል፤ በሕዝብ ላይ ቢወድቅ ክንፉ ፊት ይቆርጣል። ሁለተኛ፣ ሰውየው የፈራው ነገር ገና ከራሱ በላይ እየጮኸ ሳለ የትኛውም ማብራሪያ ጆሮው አይገባም። ስለዚህ ይውረድ፤ ክንፉ ይቁም፤ ከዚያ ሰላምታ ይቅደም። ስም፣ ከየት እንደመጡ፣ ማን እንደጠራቸው ሳይጠየቁ ይናገሩ። ጠያቂው ከፈለገ ስክሪኑን ይይ። የእርሱ ቤት ተነሥቶ ከሆነና አጥፉልኝ ካለ፣ ክርክር ሳያስፈልግ ይጥፋ። ሲጠፋም ከድሮኑ ሚሞሪ ብቻ አይበቃም፤ ብዙዎቹ ድሮኖች በስልኩ ላይም ቅጂ ያስቀምጣሉና እርሱም አብሮ ይጥፋ።

ልምድ ያላቸው አብራሪዎች ብቻቸውን አይወጡም። አንዱ ያበራል፤ ሁለተኛው አጠገቡ ቆሞ ሰማዩን ያያል፣ የመጣውንም ሰው ያናግራል። በእኛ አገር ይህ ሁለተኛ ሰው የአካባቢው ተወላጅ ቢሆን ምን ያህል እንደሚያቀል መገመት አያዳግትም። ከሁሉ የሚሻለው ግን አስቀድሞ መናገር ነው። የቀበሌውን አስተዳደርና ፖሊስን፣ የመንደሩን ሽማግሌዎች፣ የመስጊዱን ኢማም። ጁምዓ ከሶላት በኋላ «እሑድ ሰርጉ ላይ የሚጮኽ ነገር ትሰማላችሁ፣ አትደንግጡ፤ የማትፈልጉ ንገሩን» ብሎ ማስታወቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የጸጥታ ሰው ሲመጣ ደግሞ መሮጥም ዕቃውን መደበቅም ጥፋትን ያከብዳል፤ ቆሞ ወረቀትን ማሳየት ነው።

ወረቀት ኖሮም፣ ግጭት ባለበት አካባቢ ድሮን ባይነሣ የእኛ አስተያየት ነው። ባሩድ በሚሸትበት ሰማይ ውስጥ፣ ከታች ያለው ታጣቂ የማን እንደሆነ ጠይቆ አይተኩስም።

ስለ ተራራው አንድ ቃል ለወጣቶቻችን እናክል። በብዙ አገሮች የተለመደው ከፍታ ከመሬት 120 ሜትር ነው፤ ነገር ግን በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ከተነሣበት ቦታ የተለካ ነው። ከሊማሊሞ ገደል ጫፍ ተነሥቶ ወደ ፊት የሄደ ድሮን ቁጥሩ ሳይለወጥ ከበታቹ ያለው መሬት ግን በመቶዎች ሜትር ይርቀዋል። በተቃራኒው ወደ ሽቅብ የሄደ ደግሞ፣ «ወደ ቤት ተመለስ» ሲባል በቀጥታ መስመር ሲመጣ ከጉብታ ጋር ይላተማል። አየሩም ይሳሳል፤ በ3,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ጥግግቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ከትንንሾቹ ድሮኖች አንዳንዶቹ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ብቻ ድረስ እንዲበሩ የተሠሩ ናቸው። ደባርቅ ራሷ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ከአቅም በላይ ነው፤ ገደል የገባውን ለማምጣት ሲወርድ ሰው እንዳይወድቅ እንሰጋለን።

ወደ ሰርጉ እንመለስ። ልጁ ድሮኑን አወረደ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሼኹ ጎረቤቱን ይዘው ከዳሱ ጥግ አስቀመጡትና ውኃ አስመጡለት። ሰውየው ከጠጣ በኋላ ዝም ብሎ ቆየና ወንድሙን በጦርነቱ እንዳጣ ነገራቸው። ከዚያም «ምን እንዳነሳህ አሳየኝ» አለ።

ስልኩን ተቀብሎ አየ። ዳሱ ታየ፣ የሙሽራው መኪና ታየ፤ ከዚያ ካሜራው ሲዞር የእርሱ ግቢ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ በጓሮ ራሷን ሳትሸፍን ውኃ የምትቀዳ ሚስቱ። ሰውየው ስልኩን ለልጁ መልሶ ሰጠው፤ ምንም አላለም። ልጁም አየ። ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አላየሁም ነበር» አለና እዚያው አጠፋው፤ ከሚሞሪውም አውጥቶ አጠፋው።

ምሳ አብረው በሉ። ልጁ ድሮኑን አጣጥፎ ሻንጣው ውስጥ ከተተና የቀረውን ሰርግ በእጅ ካሜራው አነሳ። ሳህናቸውን የጣሉት እናት ግን እስከ ዐስር ሶላት ድረስ ከቤት አልወጡም።